ባንዳውን አስተርጓሚ እንዴት ሰው ላድርገው?

የአራት ኪሎዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ለሚያዝያ 27 ፒያሳ ውስጥ በአንድ ትንሽ አዳራሽ የሚቀርብ የ90 ደቂቃ ተውኔት እያረምኩ ነው፤ ሦስት ገቢር አለው። ዋናው ገጸ ባሕርይ ታፈሰ ይባላል። የተፈሪ መኮንን ተማሪ ቤት ልጅ ነው፣ ፈረንሳይኛው እንደ ውኃ ይፈስሳል፣ ጣልያን ከገባ በኋላ ጣልያንኛውን በጥቂት ወራት ለምዶ ለአንድ ካፒቴን አስተርጓሚ ይሆናል። ካፒቴኑ ወይዘሮ አስካለ ጠጅ ቤት ይመላለሳል። አስካለ የውስጥ አርበኛ ናት፤ በእንስራ ሥር ጥይት ታሳልፋለች። ቤቷ ውስጥ ይርጋ የሚባል አዝማሪ አለ፣ ከማሲንቆው ጋር እንዲህ ይላል፦

በሰው አልጋ ሆነህ፣ እንቅልፍ አይውሰድህ፣
ባለቤቱ መጥቶ፣ እንዳያዋርድህ።

ሰሙ ሰው ሚስት ጋ ለተኛ ሰው ምክር ነው። ወርቁን ለእናንተ አልፈታም። በአንደኛው ገቢር ካፒቴኑ «ምን አለ?» ሲል ታፈሰ ሰሙን ብቻ ተርጉሞ ይርጋን ያድነዋል። በሁለተኛው ግን ወርቁን ይናገርና ይርጋ ይገደላል። ሦስተኛው ከነጻነት በኋላ ነው።

አሁን ባለው ረቂቅ ታፈሰ የሚከዳው እናቱ ታማ የመድኃኒት ገንዘብ ስላጣ ነው። በሦስተኛው ገቢር ደግሞ «ምን መሆን እችል ነበር» እያለ ሁለት ገጽ ሙሉ ይናገራል። ሁለቱም ቦታዎች ሞተዋል። ከሃዲውን ሳላጸድቅ ሰው ላደርገው የምችለው እንዴት ነው? የባከነው ችሎታውስ ያለ ንግግር እንዴት ይታያል?


ጋሽ መጋረጃ፦

እህቴ፣ በመጀመሪያ እናትየውን ከአልጋ አስነሺያት። የታመመች እናት ሰበብ ናት፤ ምክንያት አትሆንም። ተመልካቹ ወዲያው ሒሳብ ውስጥ ይገባል፦ መድኃኒቱ ስንት ነው፣ ከአስካለ ለምን አልተበደረም፣ ጎረቤት የለውም ወይ? ሒሳቡ አልገጥም ካለ ታፈሰ ውሸታም ይሆናል፤ ከገጠመ ደግሞ ንጹሕ ሆኖ ይወጣል። ሁለቱም አይጠቅሙሽም።

ክህደቱን ከክፋቱ ሳይሆን ከተካነበት ነገር አውጪው። ይህ ልጅ ምን ይችላል? መስማት ይችላል። ካፒቴኑን ከከበቡት ሁሉ ያንን ግጥም እስከ ሥሩ የሚሰማው እሱ ብቻ ነው። ደግሞ ግጥምሽ ለዚህ ተስማሚ ነው፤ ምናልባት አላስተዋልሽው ይሆናል። «አልጋ» በአማርኛ መኝታም ነው ዙፋንም ነው። «ባለቤት» ባልም ነው፣ የንብረቱ ጌታም ነው። በጣልያንኛ ግን ሁለቱንም ሸሽጎ የሚያሳልፍ አንድ ቃል የለም። «ሌቶ» ካለ መኝታ ነው፣ «ትሮኖ» ካለ ዙፋን። «ማሪቶ» ካለ ባል ነው፣ «ፓድሮኔ» ካለ ጌታ። አዝማሪው በአንድ ቃል ሁለት ቦታ መቆም ይችላል፤ አስተርጓሚው አይችልም። አፉን በከፈተ ቁጥር ይመርጣል። ተውኔትሽ ያለው እዚህ ላይ ነው፣ መድኃኒት ቤት ድረስ ምን አስኬደሽ?

የሁለተኛውን ገቢር ትዕይንት እንዲህ ብትሠሪው፦ ካፒቴኑ ታፈሰን መጠርጠር ጀምሯል፤ ስለዚህ አማርኛን ከገበያ የለቃቀመ ሁለተኛ አስተርጓሚ ይዞ ይመጣል። ይርጋ ይዘፍናል። ሁለተኛው ሰውዬ ቀድሞ ይተረጉማል፣ ያበላሸዋል፤ «አልጋ የሰረቀ ሌባ በባለቤቱ ተያዘ ነው የሚለው» ይላል። ተመልካቹ ይስቃል። ታፈሰም ይስቃል፣ ስህተት መስማት አይችልማ። ካፒቴኑ «ምን ያስቅሃል?» ይለዋል። ታፈሰ እንደ ጎበዝ ተማሪ እጁን ሊያወጣ ምንም አይቀረው፤ «አይደለም፣ እዚህ ላይ አልጋ ማለት...» ብሎ ትክክለኛዋን ቃል ይሰጣል። ትሮኖ።

ከሳቁ እስከዚያች ቃል ከ15 ሰከንድ አይብለጥ። ከቃሉ በኋላ ዝምታ፣ ወደ 8 ሰከንድ። አዘጋጁ እዚህ ማሲንቆ ልጨምርበት ካለ አትፍቀጂ፣ ዝምታውን ይበላዋል። ተዋናዩ የሚሳሳትበትን ቦታም ልንገርሽ፦ ቃሉን ከመናገሩ በፊት ይርጋን ካየ ነገሩ የታሰበበት ክህደት ይሆናል። ይርጋን ማየት ያለበት ከተናገረ በኋላ ነው። የአንገት መዞር ጉዳይ ነው፣ ግን ሙሉውን ትርጉም ይለውጠዋል።

የባከነውን ችሎታ በሦስተኛው ገቢር አትፈልጊው፣ በአንደኛው ነው ያለው። ሰሙን ብቻ ተርጉሞ ይርጋን ሲያድን ነገሩ ደማቅ ይሁን፤ ስለ ባልና ስለ ውሽማ አንድ ሁለት ቀልድ ጨምሮ ካፒቴኑን ያስቀው፣ ተመልካቹ ያጨብጭብለት። ጠጅ ቤቱ ባዶ ሲሆን አስካለ ብርሌ እየሰበሰበች «ልጄ፣ ያንን ጆሮህን አበድረን» ትበለው። እሱ «ነገ» ይበል። ሁለቱን ገጽ ንግግር በዚያች «ነገ» ለውጪው።


እሪ በከንቱ፦

ጋሽ መጋረጃ በትዕይንቱ ላይ ልክ ናቸው። እኔ ደግሞ ዓመቱን ሳትወስኚ ምክንያት አትፈልጊ እላለሁ። ረቂቁ ላይ «በወረራው ዘመን» ብቻ የሚል ከሆነ አይበቃም። በአምስቱ ዓመት ውስጥ አንድ ሰው የሚከዳባቸው ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ጊዜያት አሉ፣ በየጊዜው ሰበቡ የተለየ ነው።

የመጀመሪያው ከሚያዝያ 27 ቀን 1928 እስከ የካቲት 12 ቀን 1929 ያለው ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ከአዲስ አበባ ወጥተዋል፣ ከተማው ተዘርፏል፣ ከሦስት ቀን በኋላ ጣልያን ገብቷል። በዚህ ጊዜ «መንግሥት አለቀ፣ የሚኖር ሰው ሥራ ይፈልጋል» የሚል ሰው ራሱን ማሳመን ይችላል። ከሐምሌ 22 በኋላ ግን ለሱም ይከብደዋል፤ አቡነ ጴጥሮስ በዚያ ቀን ነው እዚሁ ከተማ በጥይት የተገደሉት።

ሁለተኛው ከየካቲት 12 በኋላ ነው። ስድስት ኪሎ ገነተ ልዑል ግቢ፣ ዛሬ ዩኒቨርሲቲው ባለበት፣ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከጣሉ በኋላ ከተማው ሦስት ቀን ሲታረድና ሲቃጠል ሰነበተ። ከዚያ ቀጥሎ የተማረው ወጣት ተለይቶ ታደነ። ግራዚያኒ አዝማሪዎች፣ ጠንቋዮችና ባሕታውያን እየተያዙ እንዲገደሉ ያዘዘውም ከዚህ በኋላ ነው። ስለዚህ ሁለተኛ ገቢርሽን መጋቢት 1929 ላይ ብታደርጊው አንድ ቃል ሰው የሚያስገድልበት ምክንያት ከታሪኩ ራሱ ይመጣልሻል። ታፈሰ ራሱም የተማረ ነው፣ አብረውት የተማሩት እየተለቀሙ ነው። አስተርጓሚነቱ ጋሻው ነው። ፍርሃቱን ለማስረዳት ሌላ ምንም አያስፈልግሽም። በአንጻሩ ከየካቲት 12 በኋላ «አላወቅኩም» ማለት አይችልም።

ሦስተኛው ከሰኔ 3 ቀን 1932 ወዲህ ነው፤ ሙሶሊኒ እንግሊዝና ፈረንሳይ ላይ ጦርነት ካወጀ በኋላ። ያኔ የሚከዳ ሰው ሞኝ ነው፤ ብልጦቹ ወደ አርበኛው መዞር ጀምረዋል። ለታፈሰ አይሆንም።

«ምን መሆን ይችል ነበር» ለሚለው ደግሞ መልሱ ታሪኩ ውስጥ ተቀምጧል። አብርሃ ደቦጭ ራሱ ጣልያንኛ የሚያውቅ፣ በጣልያኖች መሥሪያ ቤት የሚሠራ ሰው ነበር። የታፈሰ ዓይነት ሥራ፣ የታፈሰ ዓይነት ምላስ። መድረክ ላይ አታምጪው። ካፒቴኑ ቢሮ ውስጥ በአንደኛው ገቢር ሁለት ወንበር ይኑር፣ በሁለተኛው አንዱ ባዶ ይሁን። ስም መጥራትም አያስፈልግም፣ ሚያዝያ 27 አዳራሽ የሚመጣ ሰው ያውቃል። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ፦ ሁለተኛውን አስተርጓሚ ከመረብ ማዶ የመጣ ለማድረግ እንዳትሞክሪ። ያ የተበላ ዕቁብ ነው፣ ስህተትም ነው። አብርሃና ሞገስ ኤርትራውያን ናቸው፣ ጣልያንን ከድተው ወደ አርበኛው የገቡ አስካሪዎችም፣ ማለትም የቅኝ ግዛት ወታደሮቹም፣ ብዙ ናቸው።

ጥቃቅኖቹን በአጭሩ። በ1928 እና 29 ሰዎችሽ «አራዳ» ይበሉ፣ «ፒያሳ» አይበሉ፤ ቃሉ ራሱ የጣልያን ነው። ገበያውም ያኔ ጊዮርጊስ አጠገብ ነው፤ ወደ ምዕራብ ወስደው መርካቶ ያደረጉት ጣልያኖቹ ናቸው። ጊዮርጊስ ፊት ለፊት የምኒልክ ሐውልት አይታይም፣ አንሥተውታል። «ባንዳ» በመጀመሪያ ለጣልያን ያደረ የታጠቀ ጭፍራ መጠሪያ ነበር፣ ለአንድ ሰው ስድብ የሆነው አማርኛ ውስጥ ገብቶ ነው። ታፈሰን የሚሰድበው ሰው ሊለው ይችላል፣ ታፈሰ ግን «እኔ ጠመንጃ አልያዝኩም» ብሎ ሊከራከርበት ይችላል። ጥሩ የራስ ማታለያ ይመስለኛል።

ደመወዙን በሊሬ ክፈዪው። ሕዝቡ የሚያምነው ጠገራ ብር፣ የማሪያ ቴሬዛውን የብር ገንዘብ ነበር፣ ወረቀቱን አይወድም። በጠገራ ከተከፈለው ተገዛ ማለት ነው፤ ብሩ ማንም ቢነግሥ ብር ነው። በሊሬ ከተከፈለው ግን ጣልያን የወጣ ቀን ኪሱ ውስጥ ያለው ሁሉ ወረቀት ነው። ዕድሜውን ከነሱ ዕድሜ ጋር አሰረ ማለት ነው።


ሞገደኛው፦

ሁሉም ጥሩ ነው፣ ግን አንድ ነገር አልዋጥልኝ አለ። ጋሽ መጋረጃ ባሉት መንገድ ከሄድሽ ታፈሰ አልከዳም፣ አምልጦት ነው። ምላስ ያመለጠው ሰው ደግሞ ይታዘንለታል፣ ተመልካቹም እጁን ታጥቦ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እዚህ አገር «የሞተልሽ ቀርቶ የገደለሽ በላ» እያለ ያደገ ሰው ፊት ይህን ብታቀርቢ ትክክለኛ ጥያቄ ይነሣብሻል።

ሁለተኛ፣ ሰዓት ያዢ። ረቂቁን አላየሁም፤ ግን እንዲህ ዓይነት ተውኔት ላይ ከሃዲው ከ90ው ደቂቃ ሰባውን መድረክ ላይ ይቆማል፣ የሞተው ሰው አሥር ደቂቃ እንኳ አይደርሰውም። ርኅራኄ በደቂቃ ነው የሚከፋፈለው። ይርጋን ዘፍኖ የሚሞት ዕቃ አታድርጊው። ቢያንስ 20 ደቂቃ ስጪው፤ ሚስት ይኑረው፣ ዕዳ ይኑረው፣ ከአስካለ ጋር በጠጅ ዋጋ ይጨቃጨቅ። ግጥሙን ሲያወጣም ይታይ፦ «ሲመጣ ያዋርድህ» ብሎ ሞክሮ አልጥም ሲለው፣ «እንዳያዋርድህ» ላይ ሲደርስ ፊቱ ሲፈካ። ያኔ ታፈሰ የገደለው ምን እንደሆነ እናውቃለን።

ከሞተ በኋላ ማሲንቆው ጠጅ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይቅር። ማንም አይንካው፣ ማንም ስለሱ አይናገር።


ጋሽ መጋረጃ፦

ሞገደኛው ልክ ነህ፣ ጎደሎ አድርጌ ነው የተናገርኩት። ቃሉ አምልጦት ትዕይንቱ እዚያ ላይ ካለቀ አደጋ ነው። ስለዚህ ከስምንቱ ሰከንድ በኋላ አንድ ጥያቄ ይጨመር። ካፒቴኑ ቀስ ብሎ «ባለፈው ለምን አልነገርከኝም?» ይለዋል።

አሁን ታፈሰ ሁለት መንገድ አለው። «ያኔ አልገባኝም ነበር» ቢል ሞኝ ይባላል፣ ምናልባት ይባረራል። ይርጋም «የድሮ የጠጅ ቤት ዘፈን ነው» ብሎ የሚከራከርበት ክፍተት ያገኛል። እሱ ግን «ያኔ ይህንን አልዘፈነም፣ አሁን ያወጣው ነው» ይላል። በአንድ ዓረፍተ ነገር ራሱን አዳነ፤ ይርጋን ደግሞ ከየካቲት 12 በኋላ አዲስ ግጥም ያወጣ አዝማሪ አደረገው። የመጀመሪያዋ ቃል ከኩራት መጣች፣ ሁለተኛዋ ዓረፍተ ነገር ከፍርሃት። ወንጀሉ ሁለተኛዋ ላይ ነው። ሞኝ መባልን መታገሥ አቃተው፤ ከጎበዝ ተማሪ የሚጠበቅ ነው።


ሰምና ፈትል፦

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፣ ስለ ተውላጠ ስም። የጣልያን ሹማምንት ሽማግሌውንም ሴቲቱንም በ«ቱ» ነው የሚያናግሩት፤ «አንተ»፣ «አንቺ» ማለት ነው። አስተርጓሚው ወደ አማርኛ ሲመልሰው ይህንንም ይመርጣል።

በአንደኛው ገቢር ካፒቴኑ አስካለን በ«አንቺ» ሲያናግራት ታፈሰ «አንቱ» እያለ ይመልሰው። «ጠጁ ውኃ በዝቶበታል በላት» ሲባል «እሜቴ፣ ጠጅዎ ዛሬ ትንሽ ቀጠነ ይላሉ» ይበል። ካፒቴኑንም «ይላሉ» እያለ ያከብረው፤ ክብሩን ለሁለቱም የሚያበድር እሱ ነው። በሁለተኛው ገቢር መጀመሪያ ላይ፣ ማንም ሳይሞት ገና፣ አስካለን «ጠጁ ቀጥኗል፣ ቀይሪው» ይበላት። እሷ ብርሌውን ይዛ ለአንድ አፍታ ትቁም። ሌላ ምልክት አያስፈልግም፣ ልጁ መሄድ ጀምሯል።

ተዋናዮቹ ጽሑፉን ሲያጠኑ ይህንን ያበላሹታል፤ ዛሬ በ«አንቺ» መነጋገር ስለለመድን በአንደኛው ገቢርም ያመልጣቸዋል። በጽሑፉ ላይ እያንዳንዱን «አንቱ» በቀይ አስምሪበት።


የአራት ኪሎዋ፦

ተባረኩ። እናትየው ተነሥታለች፣ ሁለቱ ገጽም ወጥቷል። ሁለት ነገር ይቀረኛል። አንደኛ፣ ተመልካቹ ጣልያንኛ አያውቅም። ታፈሰ ምን ብሎ እንደተረጎመ ካልሰማ ሰሙም ወርቁም ይጠፋል። ሁሉንም ሁለት ጊዜ ማለት ደግሞ ያሰለቻል። ሁለተኛ፣ ጋሽ መጋረጃ፣ ሦስተኛው ገቢር አሁን ባዶ ቀርቷል። በምን ልሙላው?


ጋሽ መጋረጃ፦

ለመጀመሪያው፦ ካፒቴኑ በአማርኛ ይናገር፣ ግን የመጽሐፍ አማርኛ፤ ቀጥ ያለ፣ «ነው» እና «አይደለም» የበዛበት፣ ምንም ፈሊጥ የሌለው። ሐበሾቹ ሲናገሩ ካፒቴኑ እንዳልሰማ ወደ ብርሌው ያያል፤ እሱ ሲናገር እነሱ ታፈሰን ያያሉ። አምስት ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ተመልካቹ ሕጉን ይለምዳል። እውነተኛ ጣልያንኛ ቃል ለአራት ብቻ አስቀምጪ፦ ሌቶ፣ ማሪቶ፣ ትሮኖ፣ ፓድሮኔ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት በአንደኛው ገቢር ካፒቴኑ እየሳቀ ይድገማቸው፣ «ሌቶ! የመኝታ አልጋ!» ብሎ። ያኔ በሁለተኛው «ትሮኖ» ስትሰማ ማንም መዝገበ ቃላት አይፈልግም።

ለሦስተኛው ገቢር ታሪኩ ራሱ ይረዳሻል። ንጉሡ ሲመለሱ ክፉን በክፉ አትመልሱ ብለዋል፤ የተማረ ሰውም ጥቂት ስለነበር ለጣልያን ያገለገሉ ብዙዎች ሥራ ላይ ቆይተዋል። ታፈሰን አትስቀዪው፣ አታሳስሪውም። ማዘጋጃ ቤት ደጃፍ ጠረጴዛ ዘርግቶ ማመልከቻ የሚጽፍ ራፖር ጸሐፊ አድርጊው። አሁንም ሌላ ሰው የተናገረውን ወደ ሌላ ቋንቋ ይመልሳል፣ ወደ መንግሥት ቋንቋ። አንድ ቀን የይርጋ ሚስት ትመጣለች። ጋሻ መሬት እንዲሰጣት ማመልከት ትፈልጋለች። «ጻፍልኝ» ትላለች፤ «ባለቤቴ በጣልያን ጊዜ...»

ብዕሩ «ባለቤቴ» ላይ ይቁም። ከዚያ ይጻፈው። ምንም አይናገር።


ሞገደኛው፦

ይቅርታ የምታደርግለት ከሆነ ከአዳራሹ እወጣለሁ።


ጋሽ መጋረጃ፦

አታደርግለትም። ታውቀዋለች ወይስ አታውቀውም የሚለውን ለተመልካቹ አትንገሪ፣ ተዋናይዋ ግን በልቧ መወሰን አለባት፣ አለዚያ ዓይኗ ይንሳፈፋል። ሲጨርስ ትከፍላለች። ከነጻነት በኋላ የኢትዮጵያ የወረቀት ብር የወጣው በ1937 ነው፤ ገቢሩ ከዚያ በፊት ከሆነ የሚሠራው የምሥራቅ አፍሪካ ሺልንግና ጠገራ ብር ነው። ጠገራ ታውጣ፤ ለአንድ ማመልከቻ የበዛ ገንዘብ ነው። ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጠዋለች፣ እጇን ዘርግታ ትጠብቃለች። እሱ ኪሱን ይዳብሳል፣ ያጣል። እሷ «መልስ የለህም?» ትለዋለች። መብራት ይጥፋ።


ሰምና ፈትል፦

«መልስ» ላይ ድምፅ ከፍ እንዳታደርግ፣ በገበያ ቃና ትበለው። ከጎላ ወርቁ አፍጥጦ ይወጣል።


የአራት ኪሎዋ፦

ጠገራውን ከየት አመጣለሁ? የሚከራይ ካለ ንገሩኝ።


እሪ በከንቱ፦

እውነተኛው አያስፈልግሽም። ከሦስተኛው ረድፍ ወዲያ ያለ ሰው ሳንቲሙን አያየውም፣ ድምፁን ነው የሚሰማው። ጠገራ 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ የዛሬ ሳንቲም ብቻውን ቀላል ነው፣ ይንጫጫል። ከብረታ ብረት ሠሪ ዘንድ ወደ 4 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ የነሐስ ቁራጭ አስቆርጪ። ጠረጴዛው ደግሞ ጨርቅ አይኑረው፣ ባዶ እንጨት ይሁን።